በደሴ ጓሮ ማን ከማን ጎን ይተከል?

የሆጤ ጓሮ፣ ጥር 9

ሰላም ለሁላችሁም። ሆጤ አካባቢ ከቤቴ ጀርባ ርዝመቷ 8፣ ወርዷ 5 ሜትር የሆነች ጓሮ አለችኝ፤ ትንሽ ብትሆንም ጎመን፣ ድንችና ሽንኩርት ሳልገዛ የምከርምባት ጊዜ ነበረ። ባለፈው ክረምት ግን አትክልትን አጎራብቶ ስለ መትከል የሚያወራ አንድ ረጅም ዝርዝር በስልኬ አነበብኩና፣ «ይህ ከዚያ ጋር ይዋደዳል፣ ያኛው ከዚህ ጋር ይጣላል» የሚለውን ሁሉ አንድም ሳላስቀር ተከትዬ ተከልኩ። የሽንኩርት ሽታ የጎመንን ትል ያባርራል ስለ ተባለ በጥቅል ጎመኑ መካከል ቀይ ሽንኩርት አስገባሁ። ከቲማቲሙ ሥር በሶብላ፣ በመደቡ ዙሪያ ማሪጎልድ የሚባለውን ብርቱካናማ አበባ፣ ከአጥሩ ጥግ ደግሞ በቆሎ፣ አደንጓሬና ዱባ አንድ ላይ አደረግኩ። ቦታ ስለ ጠበበኝ ድንቹን ከቲማቲሙ ጎን ተከልኩት።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ድንቹም ቲማቲሙም በአንድ ሳምንት ውስጥ ቅጠላቸው ጠቁሮ እሳት የነካቸው መሰሉ። ሽንኩርቱ በጎመኑ ቅጠል ስለ ተሸፈነ አንገቱን አስረዝሞ ቀረ እንጂ ራስ አልያዘም። ዱባው በቆሎውን ጥሎ፣ አጥሩን ተሻግሮ ጎረቤቴ ግቢ ገባ፤ ያፈራቸውን ሁለት ዱባዎችም እኩል ተካፈልን። የጎመኑ ትል የሽንኩርቱንም የማሪጎልዱንም ሽታ ከቁም ነገር ሳይቆጥር ቅጠሉን ወንፊት አደረገው።

የበልጉ ዝናብ ከመግባቱ በፊት መደቦቹን እንደ ገና ልከፋፍላቸው ነው። ስሕተቱ የዝርዝሩ ነው ወይስ የእኔ? በደሴ አየር በእጁ ሠርቶ ያየ ሰው ቢመልስልኝ ደስ ይለኛል።

ቦርከና ማዶ፣ ጥር 9

እህቴ፣ የድንቹና የቲማቲሙን ነገር በአጭሩ ልመልስልሽ። ሁለቱ የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ናቸው፤ ቃሪያና በርበሬም ዘመዶቻቸው ናቸው። ያቃጠላቸው፣ ብዙ ሰው «ምች መታው» የሚለው፣ ባለሙያዎች ደግሞ ሌት ብላይት የሚሉት በሽታ ነው። ቅዝቃዜና የማያቋርጥ እርጥበት ሲገናኙለት በጥቂት ቀናት ውስጥ ማሳ ያጠፋል፣ በንፋስና በዝናብ ጠብታም ይዛመታል። የደሴ ክረምት እርሱ የሚፈልገው አየር ነው። ስለዚህ ሁለቱን ጎን ለጎን መትከል ለበሽታው ድልድይ እንደ መሥራት ይቆጠራል።

እኔ ያለሁት ኮምቦልቻ ነው። ከእናንተ የምንርቀው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ የከፍታው ልዩነት 600 ሜትር ያህል ይደርሳል፣ ሙቀቱም በዚያው መጠን አራት ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ከዚህ የተነሣ እኔ ዘንድ የሚስማማ ጉርብትና እናንተ ዘንድ ላይሠራ ይችላል። እኔ ቲማቲሜን ዝናቡ ካበቃ በኋላ፣ ከጥቅምት ጀምሮ በመስኖ አለማለሁ፤ ምቹን በዚህ አመልጠዋለሁ። የእኔ ራስ ምታት ሌላ ነው። ቱታ አብሶሉታ የሚባለው ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ2012 አገራችን መግባቱ የታወቀው ተባይ፣ በቅጠሉ ውስጥ ገብቶ የሚቦረቡረው፣ ምንም ዓይነት ጎረቤት ብተክል አልሸሸልኝም።

የቀድሞ የልማት ሠራተኛ፣ ጥር 10

በደቡብ ወሎ ወረዳዎች ለብዙ ዓመታት ከገበሬ ጋር የሠራሁ፣ አሁን ጡረታ ላይ ያለሁ ሰው ነኝ። የጠየቁት ጥያቄ ጥሩ ስለ ሆነ ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ።

አሰባጥሮ መዝራት ለእኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም። የወሎ ገበሬ ባቄላና አተር ደባልቆ ሲዘራ፣ በማሽላ መካከል ማሾ ወይም ቦለቄ ሲጥል፣ በጤፍ ማሳ ዳር ሱፍ ሲያቆም የኖረ ነው። ነገር ግን ገበሬው እነዚህን አንድ ላይ የሚዘራቸው ስለሚዋደዱ ብሎ አይደለም፤ አንዱ ሲቆም አንዱ ስለሚሳብ፣ አንዱ ቀድሞ ሲደርስ ሌላው ስለሚዘገይ፣ አንዱ በዝናብ እጥረት ቢከሽፍ ሌላው ስለሚተርፍ ነው። እርስዎ ያነበቡት ዝርዝር ይህን ምክንያት አውልቆ ጥሎ የጥንዶቹን ስም ብቻ ያስቀረ ይመስለኛል። ምክንያቱን ያላወቀ ሰው ደግሞ ጥንዱን ወደ ራሱ መሬትና ወቅት ሊያዛምደው አይችልም።

በመጀመሪያ የናይትሮጅኑን ጉዳይ እንይ። አደንጓሬ፣ ባቄላና አተር በሥራቸው እብጠቶች ውስጥ ራይዞቢየም የተባሉ ባክቴሪያዎችን አስጠግተው ከአየር ናይትሮጅን እንደሚይዙ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ በሕይወት እያሉ የያዙትን ለጎረቤት አያድሉም፤ አብዛኛውን ለራሳቸው ቅጠልና ፍሬ ይጠቀሙበታል። ጎረቤቱ ወይም ተከታዩ ሰብል የሚጠቀመው ሥራቸውና ቅጠላቸው በአፈር ውስጥ ሲበሰብስ ነው። ስለዚህ ባቄላውን ከለቀሙ በኋላ ግንዱን ከነሥሩ ከመንቀል ይልቅ ከአፈር ልክ ቆርጠው ሥሩን በቦታው ቢተዉት የበለጠ ያተርፋሉ። በቆሎው በዚያው ክረምት በአደንጓሬው ምክንያት ይወፍራል ብሎ መጠበቅ ግን ትርፉ ድካም ነው።

ሁለተኛው ማሪጎልድ ነው። ይህ አበባ ሥር ላይ እብጠት ከሚያመጡ፣ በዓይን ከማይታዩ ትሎች አፈርን ለማጽዳት እንደሚረዳ በምርምር የተረጋገጠ ነው። የሚረዳው ግን መደቡ በሙሉ በእርሱ ብቻ ተሸፍኖ ሁለት ወርና ከዚያ በላይ ሲቆይና ከዚያ በኋላ አትክልቱ ሲተከል ነው። በመደቡ ዳር ስምንት ወይም አሥር እግር መትከል ለዓይን ያምራል፤ የጎመን ትልን በተመለከተ ግን ተስፋ ሊጥሉበት አይገባም።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው የሽታው ነገር ነው። ስታን ፊንችና ሮዝመሪ ኮሊየር የተባሉ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች የጎመን ሥር ዝንብ ማረፊያዋን እንዴት እንደምትመርጥ ለረጅም ጊዜ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2000 ማብራሪያቸውን አውጥተዋል። ዝንቧ በጎመን ሽታ ተስባ ከመጣች በኋላ የምታርፈው አረንጓዴ በሆነ ነገር ሁሉ ላይ ነው። ጎመኑ በባዶ አፈር መካከል ብቻውን ከቆመ ደጋግማ እርሱው ላይ ታርፍና እንቁላሏን ትጥላለች፤ በዙሪያው ሌላ አረንጓዴ ነገር ካለ ግን አንዴ ጎመኑ ላይ፣ አንዴ ጎረቤቱ ላይ እያረፈች ትሳሳትና ትታው ትሄዳለች። የሚገርመው ነገር ጎረቤቱ ሽታ ያለው መሆኑ ለውጥ አለማምጣቱ ነው፤ አረንጓዴ ወረቀት እንኳ ሥራውን ሠርቷል። ከዚህ የምንረዳው ጎመንን የሚረዳው ጎረቤቱ አፈሩን ማልበሱ እንጂ መሽተቱ አለመሆኑን ነው። የእርስዎ ቀይ ሽንኩርት ቅጠሉ ቀጭንና ቀጥ ያለ ስለ ሆነ አፈሩን አላለበሰልዎትም፤ ጎመኑ ግን እርሱን ጋረደው።

ኡሙ ሐናን፣ ጥር 10

ጋሼ፣ ዕውቀትዎን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ሽታ ምንም አይሠራም የሚለውን ለመቀበል ይቸግረኛል። እናቴ በግቢያችን ዙሪያ ጤና አዳም፣ ዳማከሴና ኮሰረት ተክላ ነው ያሳደገችን፣ የእርሷ ጎመን እንደ ሰው ጎመን በክሽክሽ፣ ቅጠል ላይ በሚከማቹት ጥቃቅን ነፍሳት፣ ሲበላ አይቼ አላውቅም። ጤና አዳሙ ለቡናው ነው ቢባልም፣ ከጎመኑ አጠገብ የምታደርገው አውቃ እንጂ በአጋጣሚ አልነበረም።

ለጠያቂዋ እህቴ ግን አንድ ነገር ላስጠንቅቃት። ጤና አዳም በፀሐይ ሰዓት ሲቆረጥ ጭማቂው የነካውን ቆዳ እንደ እሳት ይለበልባል፣ ጥቁር ምልክትም ትቶ ይሄዳል። ልጆች በሚጫወቱበትና በየጊዜው ለኩትኳቶ እጅ በሚገባበት መደብ መካከል አትትከዪው፤ በጥግ ይሁን።

ሐረጎ ላይ፣ ጥር 11

እኔም የኡሙ ሐናንን ሐሳብ በከፊል እደግፋለሁ። ናይሮቢ የሚገኘው ኢሲፔ የተባለው የነፍሳት ምርምር ማዕከል ሮታምስቴድ ከተባለው የእንግሊዝ የግብርና ምርምር ተቋም ጋር በመሆን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ያወጣው ዘዴ በተክሎች ሽታ ላይ የተመሠረተ ነው። በበቆሎ ወይም በማሽላ መሥመሮች መካከል ዴስሞዲየም የሚባል ተክል ይዘራል፣ በማሳው ዙሪያ ደግሞ ዝሆኔ ሣር ይተከላል፤ የአገዳ ቆርቋሪዋ እናት ከዴስሞዲየሙ ሽታ ትሸሻለች፣ ወደ ዝሆኔው ሣር ትሳባለች። የዴስሞዲየም ሥር አቀንጭራ የተባለውን ጥገኛ አረምም እንደሚያዳክም ተረጋግጧል። ታዲያ ሽታ ምንም ካልሠራ ይህ ሁሉ ከየት መጣ?

የቀድሞ የልማት ሠራተኛ፣ ጥር 11

ሁለታችሁም በትክክለኛው ቦታ ላይ ነክታችሁኛል፤ ዐረፍተ ነገሬ ከሚገባው በላይ ሰፍቶ ነበርና ላጥብበው። ሽታ ይሠራል፤ የሚሠራው ግን የታወቀ ተክል በታወቀ ተባይ ላይ ተፈትኖ፣ በበቂ ብዛትና በትክክለኛው አቀማመጥ ሲተከል ነው። ዴስሞዲየሙ በእያንዳንዱ መሥመር መካከል ነው የሚዘራው እንጂ በማሳው ጥግ አንድ ቁጥቋጦ ሆኖ አይቆምም። «ሽታ ያለው ሁሉ ተባይን ሁሉ ያባርራል» ወደሚለው መዝለል ነው የማልቀበለው።

የኡሙ ሐናንን እናት በተመለከተ፣ ጎመናቸው ከክሽክሽ የተረፈ መሆኑን አልጠራጠርም። ነገር ግን እንደዚያ ባለ ግቢ ውስጥ ጤና አዳም ብቻውን አይኖርም፤ ያበበ ድንብላል፣ ያበበ እንስላልና ያበበ በሶብላ ይኖራል። ድንብላልና እንስላል አበባቸው ትንንሽና ክፍት ስለ ሆነ አፋቸው አጭር የሆነ ነፍሳት ሁሉ ማሩን ይደርሱበታል። ንብ የሚመስሉ፣ በአየር ላይ ቀጥ ብለው የሚቆሙ ዝንቦች ከዚያ ማር ይቀስሙና እንቁላላቸውን ክሽክሽ ባለበት ቅጠል ላይ ይጥላሉ፤ የሚፈለፈለው ትል ክሽክሹን ይበላዋል። ድንብላሉ ይህን የሚያደርገው ግን ሲያብብ ብቻ ነው። ቅጠሉን ለዳጣ እየቀነጠሱ ከጨረሱት ጥበቃ የሚባል ነገር አይኖርም፤ ጥቂት እግር እስኪያብብ ድረስ መተው ያስፈልጋል።

የጂኦግራፊ መምህር፣ ጥር 12

ከላይ ከተጻፈው ውስጥ ስለ ብርሃን የተናገረ ሰው ስላላየሁ ልጨምር። ከውጭ የሚመጡ ምክሮች «ረጃጅሙን በሰሜን በኩል ትከሉ፣ አጫጭሩን እንዳይጋርድ» ይላሉ። ይህ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ለምታልፍባቸው አገሮች የተጻፈ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ የሚገኙት በሰሜን 11 ዲግሪ ኬክሮስ አካባቢ ስለ ሆነ፣ ከሚያዝያ 11 ገደማ እስከ ነሐሴ 18 ገደማ ድረስ የእኩለ ቀን ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው። በሰኔ ወር ሁለት ሜትር የሚሆን በቆሎ በእኩለ ቀን ወደ ደቡብ የሚጥለው ጥላ ግማሽ ሜትር አይሞላም። በታኅሣሥ ግን ያው በቆሎ ወደ ሰሜን አንድ ሜትር ከአርባ የሚያህል ጥላ ይጥላል። ስለዚህ በክረምትና በበጋ በአንድ ጓሮ የሚያለማ ሰው ለአንድ ወገን ብቻ ሊያስብ አይችልም።

እኔ የማደርገው የረጃጅሞቹን መሥመር ከሰሜን ወደ ደቡብ መዘርጋት ነው። እንዲህ ሲሆን ጥላው ከጠዋት እስከ ማታ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ስለሚዞር ማንም ቀኑን ሙሉ አይጋረድም። ጦሳ ሥር ግቢ ያላችሁ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ቀድማ ከተራራው ጀርባ እንደምትገባባችሁ አትርሱ፤ ለእናንተ ዋናው ብርሃን የጠዋቱ ስለ ሆነ በምሥራቅ በኩል ረጅም ነገር አታቁሙ።

የሆጤ ጓሮ፣ ጥር 14

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የመምህሩን መልእክት ካነበብኩ በኋላ ወጥቼ ጓሮዬን ሳየው፣ በቆሎውን ዓምና ያቆምኩት ልክ በምሥራቁ አጥር ላይ ኖሯል፤ ጎመኑና ሽንኩርቱ የጠዋት ፀሐይ ሳያዩ ነው የከረሙት።

ለበልጉ እንዲህ አስቤያለሁ፤ አርሙኝ። ጓሮዋን ከሰሜን ወደ ደቡብ በሚሄዱ አራት መደቦች እከፍላታለሁ። በመጀመሪያው ድንች፣ በድንቹ መሥመሮች መካከል ካሮት፤ በሁለተኛው ጥቅል ጎመን፣ በመካከሉ ሰላጣ፣ በየጥጉ ድንብላል፤ በሦስተኛው ነጭ ሽንኩርትና ቆስጣ እያፈራረቅኩ፤ በአራተኛው ባቄላ። ቲማቲሙን ለዘንድሮ ትቼዋለሁ፤ ልቤ ተሰብሯል።

የቀድሞ የልማት ሠራተኛ፣ ጥር 15

ሁለተኛውና አራተኛው መደብ ጥሩ ናቸው። በጎመኑ መካከል 45 ሳንቲ ሜትር ያህል ይተዉ፣ ሰላጣውን መካከል ላይ ያስገቡ። ሰላጣው ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ለማዕድ ይደርሳል፣ ጎመኑ ቅጠሉን ዘርግቶ ቦታውን የሚይዘው ደግሞ ልክ በዚያን ጊዜ ነው። ሰላጣው ሲወጣ ጎመኑ ይገባል። እኔ ጥሩ ጉርብትና የምለው ይህን ነው፤ መቼ እንደሚወጣ የሚታወቅ ጎረቤት ከማንኛውም ሽታ ይበልጣል።

የመጀመሪያው መደብ ግን ያስቸግርዎታል። ድንች ቢያንስ ሁለት ጊዜ አፈር ይታቀፍለታል። ያንን አፈር ከየት ያመጡታል? ከመሥመሮቹ መካከል ነው፤ ካሮቱ ያለው ደግሞ እዚያው ነው። ሲታቀፍ ካሮቱ ይቀበራል ወይም ሥሩ ይገለጣል፣ ድንቹ ሲቆፈርም የተረፈው ይነቀላል። ድንችን ብቻውን ይተዉት፤ ጎረቤት ካስፈለገው በመደቡ ዳርቻ አንድ መሥመር ባቄላ ይበቃዋል። በነገራችን ላይ ዘሩን ከገበያ ከሚሸጠው የወጥ ድንች ከሚወስዱ፣ ከሆለታ ምርምር ማዕከል ከወጡት እንደ ጉደኔና በለጠ ካሉ ዝርያዎች ንጹሕ ዘር ቢያገኙ ይሻላል። ከበሽታ በኩል የሚያተርፉት ከማንኛውም ጎረቤት ከሚጠብቁት ይበልጣል።

ኡሙ ሐናን፣ ጥር 15

በሦስተኛው መደብ ላይ ደግሞ እኔ ልናገር፤ ነጭ ሽንኩርት ሳመርት ኖሬያለሁና። ነጭ ሽንኩርት ሊደርስ ሲቃረብ ውኃ ይቋረጥበታል፤ አንገቱ እንዲደርቅና በጎተራ እንዲቆይ። ቆስጣ ደግሞ ውኃ የተቋረጠበት ዕለት ይጠወልጋል። ለአንዱ ስታጠጪ ለሌላው ማበስበስ ይሆናል። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣባት ከተማ ውስጥ አንድ መደብ ላይ የሚቀመጡት ውኃቸው የሚመሳሰል ቢሆኑ ለአጠጪዋም ይቀላል። ቆስጣውን ወደ ጎመኑ ወገን አምጪው፤ ነጭ ሽንኩርቱ ከካሮት ጋር ይሁን፣ ካሮትም መጨረሻው ላይ ብዙ ውኃ አይፈልግም።

ከዚያ በፊት ግን ያ መደብ ከዚህ ቀደም ነጭ ሽንኩርት ኖሮበት ከሥሩ ነጭ ሻጋታ ይዞ የበሰበሰ መሆን አለመሆኑን አስታውሺ። ያ በሽታ ያለበት አፈር ላይ ለብዙ ዓመታት ማንኛውንም ሽንኩርት መመለስ አይገባም፤ የእኔ ጓሮ ግማሽ በዚህ ምክንያት ከሽንኩርት ተገልሏል።

ሐረጎ ላይ፣ ጥር 16

ነጭ ሽንኩርትና ባቄላ አጠገብ ለአጠገብ ከሆኑ ባቄላው ይቀነጭራል የሚባለውስ? በመደቦቹ አሰላለፍ ሦስተኛውና አራተኛው ጎን ለጎን ናቸው።

የቀድሞ የልማት ሠራተኛ፣ ጥር 16

በየዝርዝሩ ተጽፎ አያለሁ፤ በማሳ ላይ ግን አንድም ጊዜ አላየሁትም። ቢያሰጋዎት በመካከላቸው የእግር መንገድ ይተዉ፤ መንገዱ ለማንኛውም ያስፈልጋል።

አዲስ ገቢ፣ ጥር 19

ከጉዳዩ ብዙ የማይርቅ ጥያቄ አለኝ። ከአጥሬ ማዶ፣ ሦስት ሜትር በማይሞላ ርቀት፣ የጎረቤቴ ባሕር ዛፎች ተደርድረዋል። ምን ብተክል ይስማማቸዋል?

ቦርከና ማዶ፣ ጥር 19

የሚስማማቸው የለም ብትል ይቀላል። ሥሩ ውኃውን ይጠጣዋል፣ የረገፈው ቅጠል ደግሞ የዘር አበቃቀልን ያዳክማል። ከአጥሩ ሥር ጠለቅ ያለ ቦይ ቆፍረህ ወደ አንተ የገባውን ሥር በየዓመቱ መቁረጥ፣ ቅጠሉን እየጠረግክ ማውጣት፣ ካልሆነም አትክልቱን በአፈር በተሞላ ጆንያ ውስጥ መትከል ነው ያለው አማራጭ። ጎረቤትህን ማነጋገሩንም አትተወው።

ቦርከና ማዶ፣ ጥር 20

ስለ ቆላማው ወገን አንድ ነገር ልጨምር፣ ከኮምቦልቻና ከቃሉ አካባቢ የሚያነቡ ካሉ ይጠቅማቸዋል። እኛ ዘንድ በበቆሎ ሥር ከአደንጓሬ ይልቅ ማሾ የተሻለ ጎረቤት ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ማሾ በሁለት ወር ከግማሽ ገደማ ውስጥ ስለሚደርስ በቆሎው ገና እሸት ሳይሆን ይለቀማል፣ ግንዱ ላይ የሚጠመጠመው አደንጓሬ እንደሚያደርገውም በቆሎውን አይጎትትም። ለዱባ ደግሞ የተለየ ቦታ፣ በተለይም የኮምፖስት ክምር ዳር፣ መስጠት ነው የሚሻለው። በቆሎ፣ አደንጓሬና ዱባ አንድ ላይ የመትከሉ ጥበብ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ጥበብ ነው፤ እነርሱ በሰፊ ማሳ፣ ጉብታ በጉብታ እያራራቁ ነበር የሚተክሉት። አርባ ካሬ ሜትር ውስጥ ግን ዱባ ሁልጊዜ ያሸንፋል። በሶብላውን ከዱባው አጠገብ ብታደርጊው ግን ጥቅም አለው፤ የዱባ ወንዴና ሴቴ አበባ የተለያዩ ስለ ሆኑ ያለ ንብ አያፈራም፣ ያበበ በሶብላ ደግሞ ንብ ይጠራል።

የሆጤ ጓሮ፣ ሰኔ 12

ይህን ውይይት ከተውኩት አምስት ወር ሊሞላ ነው፤ ያየሁትን ልጻፍ። ችግኞቹን የተከልኩት የካቲት 20 ነበር። ዝናቡ መጥቶ መጋቢት ላይ ጥሩ ሆኖ ቆየና በሚያዝያ አጋማሽ ተቋረጠብኝ፤ ከዚያ በኋላ በባልዲ ነው ያደረስኩት።

ጎመኑን በሁለት ከፍዬ ተከልኩ። አሥራ ሁለቱን እግር በሰላጣና በድንብላል መካከል፣ ስድስቱን ግን ባዶ አፈር ላይ ለብቻቸው፤ ጋሼ የጻፉትን በዓይኔ ለማየት ፈልጌ ነው። ክሽክሹ መጀመሪያ የወጣው በስድስቱ ላይ ነበር፣ ከአራቱ ላይም በእጄ እየጨፈለቅኩ ነው ያዳንኳቸው። በአሥራ ሁለቱ ላይ ግን ጥቂት ታየና ድንብላሉ ካበበ በኋላ ጠፋ። ቅጠል የሚበሳሳው አረንጓዴ ትል ግን በሁለቱም ወገን ነበረ፤ በጎረቤታሞቹ ላይ ትንሽ ያነሰ መስሎ ታየኝ፣ ልማል ግን አልችልም። ሰላጣውን ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ለቅሜ ጨረስኩ፣ ጎመኑም ቦታውን ያዘ። ነጭ ሽንኩርቱን ገና አልነቀልኩትም፤ ካሮቱ ግን ከጠበቅኩት በላይ ወፍሯል። ድንቹን ትናንት ቆፈርኩት፣ አንድም የተቃጠለ ቅጠል አላየሁም።

አንድ ጥፋት ሠርቻለሁ። ባቄላውን ጠዋት በችኮላ ስለቅም ግማሹን ከነሥሩ ነቅዬ ጣልኩት፤ ሥሩን ሳየው እብጠቶቹ ውስጣቸው ሮዝ ቀለም ነበረው። ያኔ ነው ምክሩ ትዝ ያለኝ።

አሁን ጥያቄዬ ድንቹ በለቀቀው መደብ ላይ ለክረምቱ ምን እንደማስገባ ነው። ቲማቲም እንደ ገና እያማረኝ ነው።

የቀድሞ የልማት ሠራተኛ፣ ሰኔ 12

ሮዝ ቀለሙ እብጠቶቹ በሥራ ላይ እንደ ነበሩ ምልክት ነው፤ የጣሉትን ወደ ኮምፖስቱ ይመልሱት። የድንቹን ደኅንነት ግን ለአጎራባቾቹ ምስጋና አይስጡ። ዝናቡ ቀድሞ መቋረጡ ነው ያዳነው፤ በዚያው መደብ በክረምት ቢተክሉት የተለየ ነገር ሊያዩ ይችላሉ።

ለክረምቱ ቲማቲም በዚያ መደብ ላይ አይሞክሩ። ሲቆፍሩ ያመለጡ ትንንሽ ድንቾች ሐምሌ ላይ ራሳቸው ይበቅላሉና፣ በሽታውን ይዘው የሚጠብቁት እነርሱ ናቸው፤ ባዩዋቸው ቁጥር ይንቀሏቸው። በቦታው ባቄላ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ ባለው ጊዜ ይዝሩ፣ ድንብላልም በዳር። ቲማቲሙን ከፈለጉ መስከረም ሲጠባ ፊቱን ወደ ደቡብ ባዞረ ግድግዳ ሥር፣ ዝናብ በማይመታውና ከውርጭ በተጠለለ ቦታ፣ ሦስት እግር ብቻ ይሞክሩ።

ኡሙ ሐናን፣ ሰኔ 13

እህቴ፣ የድንብላሉን አበባ ሁሉንም አትቁረጪው፤ ዘሩ እስኪደርቅ ሁለቱን እግር ተይልኝ። የእኔ ዘር አርጅቶ አልበቅል ብሎኛል፣ ለበርበሬዬም ያስፈልገኛል። በምትኩ ከኮሰረቴ ሥር የያዘ ቅርንጫፍ አዘጋጅቼ አቆይልሻለሁ።

የሆጤ ጓሮ፣ ሰኔ 13

ሦስት እግር ትቼልሻለሁ። ኮሰረቱን ግን ከጎመኑ አጠገብ ነው ወይስ ከአጥሩ ጥግ የማደርገው?

ኡሙ ሐናን፣ ሰኔ 13

ከአጥሩ ጥግ። ቁጥቋጦ ሆኖ ይሰፋል፤ ለዓመታት የሚኖር ነውና በየወቅቱ ከሚቆፈር መደብ አርቂው።